ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ስንት ሳንቲም?

«ይህን ሲገዙ ወገንዎን ይረዳሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጎንደርም ሆነ ለሌላ ከተማ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። ጥምቀት ሲቃረብ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ወይም አንድ ወረዳ ድርቅ ሲመታው በየአደባባዩ የሚሰቀለው ባነርና በየስልኩ የሚዘዋወረው ፖስተር መልኩ ተመሳሳይ ነው። በትልቁ «ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለተጎዱ ወገኖቻችን» ይላል፤ ጎኑ ላይ ፊቱ አቧራ የለበሰ ሕፃን ይታያል። ከሥር ደግሞ ዓይን አጥብበው ካላዩት የማይነበብ መስመር አለ፤ «የተወሰነ መቶኛ»፣ «እስከ»፣ «ከተጣራ ትርፍ»፣ «ቅድመ ሁኔታዎች ተፈጻሚ ይሆናሉ»። የብዙ ሰው ዓይን ትልቁን ጽሑፍና ሕፃኑን አይቶ ይመለሳል። ገንዘቡን የሚወስነው ግን የታችኛው መስመር ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፤ በችግረኛ ስም ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ስንት እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥና መስጠቱን የት ላይ እንደሚያቆም በዚያው በትልቁ ፊደል መናገር አለበት። ይህን ሳያደርግ ከቀረ፣ ፍርድ ቤት ባይቀርብም እንኳ፣ ገዢውንም ችግረኛውንም አታሏል።

ዘዴው መታወቅ ሲጀምር እንዲህ የተድበሰበሰ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለው የክፍያ ካርድ ኩባንያ በኒውዮርክ ወደብ የቆመውን የነፃነት ሐውልት ለማሳደስ ዘመቻ ከፈተ። ደንበኛው ካርዱን በተጠቀመ ቁጥር 1 ሳንቲም፣ አዲስ ካርድ ባወጣ ቁጥር 1 ዶላር እሰጣለሁ አለ። ለእድሳቱ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ገባ፤ የካርዱ አጠቃቀምም በ28 በመቶ አደገ። ቃሉ ትንሽ ቢሆንም የታወቀ ነበር፤ ካርዱን የሚጠቀም ሰው ከእሱ አንድ ግዢ 1 ሳንቲም እንደምትወጣ ያውቃል። ይህን ያዩ ኩባንያዎች በመላው ዓለም መንገዱን ተከተሉ። በጎ ሥራ ሽያጭ እንደሚያሳድግ ከዚያ ተማሩ፤ ቁጥሩን በግልጽ መናገሩን ግን ብዙዎቹ እዚያው ትተውት መጡ።

ቁጥሩ ሲደበቅ ምን እንደሚከተል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታየውን የዮፕሌት እርጎ ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ጄነራል ሚልስ የተባለው ኩባንያ ይህን እርጎ ለሚገዙ ሰዎች፣ የእርጎውን ክዳን አጥባችሁ በፖስታ ላኩልን፣ ለእያንዳንዱ ክዳን 50 ሳንቲም ለጡት ካንሰር ምርምር እንሰጣለን አላቸው። ሕዝቡ አመነ። 9.4 ሚሊዮን ክዳን ተላከ። በቃሉ መሠረት ቢሰላ 4.7 ሚሊዮን ዶላር ይሆን ነበር። ኩባንያው ግን ከመነሻው የመደበው ጣሪያ 100 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር፤ ይህ ጣሪያም ለገዢው ጎልቶ አልተነገረውም። የጆርጂያ ግዛት የሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣናት ነገሩን መርምረው ኩባንያው ተጨማሪ 63 ሺህ ዶላር እንዲሰጥ በስምምነት ጨረሱት። እስቲ ሂሳቡን እንመልከተው። 100 ሺህ ዶላር በ50 ሳንቲም ሲካፈል 200 ሺህ ክዳን ነው። ከ200 ሺህኛው ክዳን በኋላ የተላከው ከ9 ሚሊዮን በላይ ክዳን በኩባንያው ጣሪያ ስሌት ለታማሚዎቹ አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። እነዚያ ሰዎች እርጎውን የገዙት፣ ክዳኑን ያጠቡት፣ ቴምብር ገዝተው የላኩት ለባዶ ነው። ከእነሱ ግዢ የተገኘው ትርፍ ግን ባዶ አልነበረም።

የጣሪያው ነገር እንዲህ የከፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጣሪያው እስኪሞላ ድረስ ገዢው በእርግጥ ይሰጣል፤ ከሞላ በኋላ ግን ማስታወቂያው እንደ ተሰቀለ ይቆያል፤ ሕፃኑም ከፖስተሩ አይወርድም፤ ገዢውም እየሰጠሁ ነው እያለ ይገዛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሸጠው ዕቃ ልክ እንደ ማንኛውም ዕቃ ነው። የባሰው ደግሞ ድርጅቱ የሚሰጠውን ገንዘብ አስቀድሞ ቆርጦ፣ ሽያጩ ቢበዛም ቢያንስም ያንኑ የሚሰጥበት አሠራር ነው። ይህ ድርጅት ለጋስ ሊሆን ይችላል፤ «እርስዎ ሲገዙ» የሚለው ቃል ግን ሐሰት ነው። ሰውዬው ቢገዛም ባይገዛም ለችግረኛው የሚለወጥ ነገር የለምና።

ሁለተኛው መደበቂያ «ከትርፉ» የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጠርሙስ ውሃ 30 ብር ይሸጣል እንበል። «ከሽያጩ 5 በመቶ» ከተባለ 1 ብር ከ50 ሳንቲም ለችግረኛው ይደርሳል። «ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶ» ከተባለና አምራቹ ከአንዱ ጠርሙስ 3 ብር ካተረፈ፣ የሚሰጠው 15 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው፤ በባነሩ ላይ የሚታየው ግን በሁለቱም «5 በመቶ» ነው። ትርፉን ደግሞ የሚያሰላው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የማስታወቂያው ወጪ ሳይቀር ተቀንሶ ዓመቱ በኪሳራ ከተዘጋ 5 በመቶው ዜሮ ይሆናል። ሌላም አለ፤ ገንዘብ መስሎ የተነገረው ልገሳ ሲደርስ የድርጅቱ የራሱ ምርት ሆኖ ይገኛል። ፋብሪካው በ10 ብር ያመረተውን ብስኩት በሱቅ ዋጋ 20 ብር አስቦ ካስረከበ፣ ግማሹ ልገሳ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ወይም ለመንግሥት የአደጋ ጊዜ ጥሪ ምላሽ የሆነ ልገሳ፣ ከግብር ከፋዩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በተቀናሽ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፤ እንዲሰጡ ያበረታታል። ነገር ግን ገዢው ከኪሱ ያዋጣው ገንዘብ በድርጅቱ ስም ተመዝግቦ ለድርጅቱ ግብር ሲቀንስለት፣ ገዢው ቢያንስ ስንት እንዳዋጣ የማወቅ መብት አለው።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ገዢዎች ብቻ አልነበርንም። ብዙ ጊዜ ፖስተሩ ላይ ያለነው እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ2005 ቮልቪክ የተባለው የፈረንሳይ የታሸገ ውሃ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ በጀርመን አንድ ዘመቻ ጀመረ፤ አንድ ሊትር ቮልቪክ ሲገዛ በኢትዮጵያ አሥር ሊትር የሚጠጣ ውሃ ይገኛል የሚል። በዚህ ገንዘብ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ሰውም ጠጥቷል፤ ያንን ማሳነስ ግፍ ነው። ነገር ግን የጀርመኑ ገዢ በዓይነ ልቦናው የሚያየው አሥር ሊትር ውሃ በጀሪካን ሲቀዳ ነው። እንዲህ ያለው ቁጥር የሚገኘው ጉድጓዱ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሁሉ ያፈልቃል የተባለውን ውሃ ደምሮ በማካፈል ነው። በእኛ ደጋ የእጅ ፓምፕን የሚያውቅ ሰው የዚህን ስሌት ደካማ ጎን ወዲያው ያየዋል። ፓምፑ ውስጥ ያለው ላስቲክ ይበላል፤ ዘንጉ ይላላል፤ መለዋወጫው ከወረዳ ከተማ ካልመጣ ሴቶቹ ተመልሰው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። በስሌቱ ውስጥ ግን ጉድጓዱ ገና እያፈለቀ ነው። በሊትር ፋንታ «ከዚህ ጠርሙስ ይህን ያህል ሳንቲም ለቁፋሮ፣ ይህን ያህል ለጥገና» ቢባል ኖሮ ማስታወቂያው ያን ያህል አይማርክም ነበር፤ ገዢው ግን የሰጠውን በትክክል ያውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያሳስብ ለመረዳት ወደ ሰሜን ጎንደር መውጣት ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ሲመታ ጎንደር ከተማ ድረስ ጥሪ ተሰምቷል፤ ሰውም፣ ተቋማትም የቻሉትን አዋጥተዋል። ለዚያ የተሰበሰበ እህል የሚሄድበትን መንገድ እናስበው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚሄደው መኪና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቧሂት በኩል ተሻግሮ ነው ወደ መካነ ብርሃን የሚወርደው። ከዚያ ወዲያ ብዙው ቀበሌ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነው የሚደረሰው። አንድ ኩንታል ስንዴ ጎንደር ገበያ ላይ ያለው ዋጋና በየዳ ሲደርስ ያለው ዋጋ አይገናኝም። «ከእያንዳንዱ ሽያጭ 1 ብር» ሲባል ብሩ የትራንስፖርቱን ይጨምራል ወይ? ማን ያጓጉዘዋል? መቼ ይደርሳል? ለተራበ ሰው በሰኔ የደረሰ እህልና በጥቅምት የደረሰ እህል አንድ አይደለም፤ የልገሳ ማስታወቂያዎች ግን ገንዘቡ የሚተላለፍበትን ቀን ብዙ ጊዜ አይናገሩም። ዘመቻው በድርቁ ሰሞን ተጀምሮ ሂሳቡ በበጀት ዓመት መጨረሻ ከተዘጋ፣ የተሸጠው በረሃብተኛው ስም ነው፤ የደረሰው ግን ረሃቡ ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞም የጃናሞራ ገበሬ ያንን ፖስተር አያየውም። በስሙ ስንት እንደተሰበሰበ የሚጠይቅበት በር የለውም። ስለ እሱ ሆኖ ሊጠይቅ የሚችለው ገዢው ብቻ ነው፤ ገዢውን በጥቃቅን ፊደል ማደናገር ማለት ያችን አንዲት በር መዝጋት ማለት ነው።

የተሰበሰበ ገንዘብ ሂሳቡ በአደባባይ ይነገር ማለት ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። ዕድር ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ገንዘብ ያዡ የገባውንና የወጣውን በአባላቱ ፊት ያነባል፤ አንዲት ድንኳን ለምን በዚህ ዋጋ ተጠገነች የሚል ይነሣል፤ ዳኛውም መልስ ይሰጣል። ማንም ቢሆን «ለሐዘንተኛ ነው፣ ዝም በሉ» አይልም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑት እንኳ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው፣ የታቦቱን ሥዕል ይዘው፣ የደብሩን ስም ጠርተው ነው የሚለምኑት፤ ከፍ ያለ ገንዘብ የሰጠም ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ይቆረጥለታል። በገጠር ደግሞ ከዚህ የላቀ ምሳሌ አለን። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የገጠር ውሃ አሠራር፣ ለምንጭ ማጎልበቻና ለጉድጓድ የተመደበው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይለቀቅ ነበር። ኮሚቴው ገንዘቡን አውጥቶ ሲሚንቶውን ይገዛል፤ ግንበኛውን ይቀጥራል፤ የወጣውንም ለመንደሩ ሰው ያስረዳል። ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ የእያንዳንዷን ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ መናገር ከቻለ፣ የሂሳብ ክፍልና የሕግ አማካሪ ያለው ድርጅት «የተወሰነ መቶኛ» ብሎ ማለፉ በምን ይታገሣል? ለሕዝቡ አንድ ቁና፣ ለነጋዴው ሌላ ቁና መስፈር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ አሳሳች ድርጊቶችንም ይከለክላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም እንዲሁ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። ጉድለቱ የሚታየው ከሌሎች ሕጎች ጋር ሲነጻጸር ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከገቢው ከ20 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ወጪ እንዳያውል ገደብ አስቀምጦበታል፤ ሂሳቡንም በየዓመቱ አስመርምሮ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በዚያው ችግረኛ ስም ዕቃ የሚሸጠው ኩባንያ ግን ስንት ሸጦ ስንት እንደሰጠ ለገዢው ሲያስታውቅ አይታይም። ደግሞ የሽልማት ዕጣውን እንይ። አንድ ድርጅት «ገዝተው መኪና ይሸለሙ» ሲል የብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ዕጣው ታዛቢ ባለበት ይወጣል፤ የአሸናፊው ቁጥር ይነገራል። ለእኔ ሊደርሰኝ ለሚችለው መኪና ምስክር ይቆማል፤ ለተራበው ለሚደርሰው እህል ግን ምስክር አይቆምም። ይህ የተገለበጠ ነገር ነው።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው «ትንሽም ቢሆን ሰጥቷል፤ ከማይሰጠው አይሻልም ወይ?» የሚለው ነው። የሚሰጥ ከማይሰጥ ይሻላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ልግስናው የድርጅቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ሂሳብ አይጠይቀውም ነበር፤ በስውር መስጠትን ሃይማኖታችንም ያስተምራል። ድርጅቱ ገዢውን ጠርቶ «አብረን እንስጥ» ካለ በኋላ ግን ልገሳው የሁለቱ ነው፤ አብሮ የሰጠ አብሮ ይጠይቃል። ሌላም ጉዳት አለ። የሰው የመስጠት አቅምና ፈቃድ መጠን አለው። 15 ሳንቲም የሰጠ ሰው 10 ብር የሰጠ መስሎት ከተመለሰ፣ ማታ በር ላይ ለቆመው ለማኝ ወይም ለቀበሌው መዋጮ እጁን ይሰበስባል። ያ የቀረው ገንዘብ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም።

ሁለተኛው «ጽሑፉ እዚያው አለ፤ ገዢው ለምን አያነብም?» የሚለው ነው። የብድር ውል የሚፈርም ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብ ቢባል ያስማማል። ውሃ የጠማው ሰው ሱቅ በር ላይ ቆሞ የጠርሙስ ወረቀት በማጉያ መነጽር ይመርምር ማለት ግን ፍትሕ አይደለም። አሻሻጩ ይህን ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮ ጣሪያውን በትልቁ፣ «ከእያንዳንዱ ሽያጭ» የሚለውን በትንሹ ይጽፍ ነበር። ትንሹ ጽሑፍ ትልቁን ሊያብራራ ይችላል፤ ሊሽረው ግን አይገባም። ሦስተኛውን ተቃውሞ እኔም እቀበለዋለሁ፤ ድርጅት በጀት አለው፤ ያለ ጣሪያ ቃል ሊገባ አይችልም። ጣሪያ ማበጀት ነውር የለውም። «እስከ 500 ሺህ ብር፤ ሲሞላ እናሳውቃለን» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ሲሞላም ባነሩን ማውረድ ነው። አራተኛው ደግሞ እንዲህ ጥብቅ ከሆንን ድርጅቶቹ ፈርተው መስጠት ይተዋሉ የሚል ነው። ለዚህ ከራሳችን ታሪክ መልስ አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሙዚቀኞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ለኢትዮጵያ ያወጡት ዘፈን ሲሸጥ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሽያጭ ታክሱን አልተውም አለ። ሕዝቡ ከዋጋው ላይ ስንቱ ለረሃብተኛው ይደርሳል ብሎ ተሟገተ፤ መንግሥትም በመጨረሻ የታክሱን ያህል ገንዘብ መልሶ ለገሰ። በሳንቲም መሟገቱ ሽያጩን አላቆመውም፤ ዘፈኑ በዚያ አገር እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ በሽያጭ የሚስተካከለው አልነበረም።

መፍትሔውም ያልተሞከረ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው የበጎ አድራጎት ሕግ፣ በችግረኛ ስም የሚሸጥ ነጋዴ የሚሰጥበትን ድርጅት ስምና የሚሰጠውን መጠን ለገዢው እንዲናገር ታስገድዳለች። የኒውዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ድርጅቶች በእያንዳንዱ ዕቃ የሚሰጡትን ገንዘብ በቁጥር እንዲጽፉ፣ ጣሪያውን እንዲገልጹ፣ ዘመቻው ሲያልቅም የተሰበሰበውን እንዲያሳውቁ መክሯል። የአማራ ክልል ንግድ ቢሮና የጎንደር ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም፤ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው ሕግ በእጃቸው ነው። የንግድ ምክር ቤቱም አባላቱን በአንድ ገጽ ሊያስማማ ይችላል፤ በብር የተጻፈ መጠን፣ የተቀባዩ ስም፣ ጣሪያው፣ የሚተላለፍበት ቀን፣ ከዚያም በባንክ ደረሰኝ የተደገፈ መግለጫ። በሐቅ የሚሰጡት ነጋዴዎች፣ እነሱም ጥቂት አይደሉም፣ በዚህ የሚጠቀሙ እንጂ የሚጎዱ አይሆኑም።

አንባቢ ሆይ፣ እስከዚያ ድረስ ሥልጣኑ በእጅህ ነው። «ሲገዙ ይረዳሉ» የሚል ዕቃ ስታይ ባለሱቁን አታስጨንቀው፤ እሱም እንደ አንተ አያውቅም። በማሸጊያው ላይ ወዳለው ስልክ ደውልና ከዚህ ከአንዱ ዕቃ ስንት ሳንቲም፣ ለማን፣ እስከ ስንት ድረስ፣ መቼ ብለህ ጠይቅ። ከመለሱልህ ግዛ፤ ለጎረቤትህም ንገር። ካልመለሱልህ ዕቃውን ከፈለግኸው ለጥቅሙ ብቻ ግዛው፤ ለጃናሞራና ለበየዳ ያሰብኸውን ብር ግን ለይተህ ደረሰኝ ለሚቆርጥልህ ሰው በራስህ እጅ ስጥ።